ውስጥ እግራችንን የማያይ ማሽን

ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ የነበረ ሰው መስቀል አደባባይን አይረሳውም። የቦብ ማርሌ ስድሳኛ የልደት በዓል ከጃማይካ ምድር ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከበረው በዚያ ዕለት ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የለበሰውም ያልለበሰውም፣ የዘፈኑን ቃላት የሚያውቀውም የማያውቀውም፣ አብሮ ዘፈነ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ሰውየው በምን እንደሞተ በትክክል የሚያውቅ ምን ያህሉ ነበር ተብዬ ብጠየቅ፣ ጥቂት ነው ብዬ እመልሳለሁ። እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። «መርዘውት ነው» የሚለውን የሻይ ቤት ወሬ ግን አሳምሬ አውቅ ነበር።

የገደለው ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1977 በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የተገኘው ቁስል በመጀመሪያ የእግር ኳስ ጉዳት ተደርጎ ነበር የተወሰደው፤ በእኛ አነጋገር «እንቅፋት ነው» ተባለ ማለት ነው። ናሙናው ሲመረመር ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞች ጣቱ እንዲቆረጥ መከሩት፤ እርሱ አልተቀበለም። በ1978 ወደ አገራችን መጥቶ የሻሸመኔን መሬት ሲረግጥ ሕመሙ ምን እንደሆነ ካወቀ አንድ ዓመት አልፎታል። በሴፕቴምበር 1980 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲሮጥ ወደቀ፤ ሜይ 11 ቀን 1981 ማያሚ ውስጥ፣ በ36 ዓመቱ ዐረፈ።

ይህን የማነሣው ስለ ሙዚቃ ለማውራት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሜላኖማን ከሐኪም ቀድሞ የሚያይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተገኘ፣ መላውን ሰውነት በአንድ ጊዜ ፎቶግራፍ አንሥቶ እያንዳንዱን ነጥብ የሚመረምር መሣሪያ ተሠራ የሚል ዜና በየጊዜው ይመጣል። የእኛም ሰው ዜናውን ተርጉሞ ያስተላልፈዋል፤ «ዘመኑ ደርሶልናል» የሚል የአድናቆት ቃል ያክልበታል፤ ነገሩም እዚያው ላይ ያበቃል። የማን ቆዳ ነው የሚታየው? የትኛው የሰውነት ክፍል ነው የሚታየው? ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። የቦብ ማርሌ አውራ ጣት በዚያ መሣሪያ ፊት ብትቀርብ ኖሮ ትታይ ነበርን? እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ መልሱ የሚያስደስት አይደለም።

በመጀመሪያ ለማሽኑ የሚገባውን ምስጋና ልስጥ፤ የማላውቀውን ነገር የምዘልፍ እንዳልመስል። ሜላኖማ ለቆዳችን ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ከሥርዓት ሲወጡ የሚነሣ ካንሰር ነው። አሌክሳንደር ብሬስሎ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1970 እንዳሳየው፣ የበሽተኛውን ዕጣ በዋናነት የሚወስነው ዕጢው ወደ ቆዳው ውስጥ የጠለቀበት ልክ ነው፤ የሚለካውም በሚሊሜትር ነው። ከአንድ ሚሊሜትር በታች ሳለ ተቆርጦ ከወጣ አብዛኛው ሰው ይድናል። አራት ሚሊሜትር ካለፈ በኋላ ግን በሽታው ወደ ሌላ አካል የመሻገሩ ዕድል ከፍ ያለ ነው። በሕክምና ዓለም የሰው ሕይወት በዚህን ያህል ጠባብ ልክ ውስጥ የሚወሰንበት በሽታ ብዙ አይደለም። ስለዚህ ቀድሞ ማየት ማለት በዚህ በሽታ ዘንድ የማስታወቂያ ቃል ብቻ አይደለም፤ ለብዙ ሰው የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው።

ለዚህም ነው አውስትራሊያውያን ነገሩን የብሔራዊ ጉዳይ ያህል የያዙት። አባቶቻቸው ከሰሜን አውሮፓ ያመጡት ነጭ ቆዳ ከዚያ አገር ፀሐይ ጋር አልተስማማም፤ አውስትራሊያና ጎረቤቷ ኒው ዚላንድ በሜላኖማ ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም ናቸው። በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ መሪነት በሦስት ክፍላተ ግዛት የተዘረጋ አንድ መረብ 15 የመላ ሰውነት መቅረጫ መሣሪያዎች እንዲኖሩት ተደርጎ ታቅዷል። አሠራሩ ይህ ነው፦ ሰውየው የውስጥ ሱሪውን ብቻ ለብሶ በመሣሪያው መካከል ይቆማል፤ በዙሪያው የተተከሉ 92 ካሜራዎች በአንድ ቅጽበት ያነሡታል፤ ኮምፒዩተሩ ፎቶግራፎቹን አጋጥሞ የሰውየውን ሙሉ ምስል በስክሪኑ ላይ ያቆመዋል። ሐኪሙ ምስሉን እያዞረ፣ እያቀረበ ይመለከተዋል። ከወራት በኋላ ሰውየው ተመልሶ ይነሣል፤ አዲስ የወጣው፣ የሰፋው፣ መልኩን የለወጠው ነጥብ ተለይቶ ይወጣል። በጀርባው ላይ ሁለትና ሦስት መቶ ነጥብ ላለበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የትኛውም የሐኪም ዓይን ያን ሁሉ አያስታውስም።

እኔም በዚህ ዓይነት መሣሪያ ውስጥ ቆሜ አውቃለሁ። በምኖርበት የአሜሪካ ከተማ፣ ትከሻዬ ላይ ያለ እናቴ «ማርያም የሳመችው ነው» ትለው የነበረ ምልክት ሐኪሜን ስላሳሰበው ወደ አንድ ትልቅ ክሊኒክ ላከኝ። ልብሴን አወለቅሁ፤ ካልሲዬንም። ወለሉ ይቀዘቅዛል። መብራቱ ብልጭ አለ፤ አለቀ። ወጣቷ ባለሙያ ምስሌን በስክሪን ላይ ስታሳየኝ በእውነት ተደነቅሁ፤ የራሴን ጀርባ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሌላ ሰው ጀርባ አየሁት። ከዚያም፣ ስለ ቦብ ማርሌ አንብቤ ስለነበር ይሆናል፣ «ውስጥ እግሬስ?» ብዬ ጠየቅኋት። ምስሉን ገለበጠችው። ከታች ባዶ ነበር። ፈገግ ብላ «ቆመውበት ነበራ!» አለችኝ።

ልጅቱ አላጠፋችም፤ እውነቱን ነው የነገረችኝ። ክሊኒኩንም አልወቅስም። ሰው ሲነሣ በእግሩ ይቆማል፤ የቆመበትን ካሜራ አያየውም። በፀጉር የተሸፈነው የራስ ቆዳና በውስጥ ሱሪ የተሸፈነው ክፍልም እንዲሁ ይቀራል። ይህ የመሣሪያው የታወቀ ወሰን ነው፤ ጥንቁቅ ሐኪም እነዚህን ቦታዎች በእጁ መነጽር ለብቻ ያያቸዋል። እኔም ጠይቄ ታየልኝ፤ ምንም አልነበረም። ነገር ግን ከእኔ ቀድሞ የገባው ሰውዬ አልጠየቀም፤ ከእኔ በኋላ የገባችውም ሴትዮ ስለመጠየቋ እጠራጠራለሁ። «መላ ሰውነትዎን አይተናል» የሚል ወረቀት ይዘው ወጥተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በጥቁር ሰው ላይ የሚነሣው ሜላኖማ በአብዛኛው ከፀሐይ የሚመጣው ዓይነት አይደለም። በመዳፍ፣ በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር የሚበቅለው ዓይነት ነው፤ ሐኪሞች አክራል ይሉታል። ይህ ዓይነቱ ነጩንም ጥቁሩንም በተቀራረበ መጠን ይይዛል፤ ልዩነቱ፣ ነጩ ከእርሱ በተጨማሪ የፀሐዩን ዓይነት በብዛት ሲታመም፣ ጥቁሩ ግን ሜላኖማ ከያዘው ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ይኸው የእግሩ ዓይነት መሆኑ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አስተውል፦ የመላ ሰውነት መቅረጫ የሚባለው መሣሪያ ሳያይ የሚያልፈው ቦታ እኛ በአብዛኛው የምንታመምበት ቦታ ነው። ይህን ተንኮል ነው አልልም። ተንኮል ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ ተንኮለኛ ቢያንስ ያስብሃል። ይህ ግን አንተን በሐሳቡ ውስጥ ሳያስገባ የተሠራ ነገር ነው።

የቦታውን ነገር እዚህ ላይ ትቼ ወደ ቀለሙ ልሂድ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነገር ከሰማይ የወረደ ጥበብ አይደለም። የሚያውቀው ያሳዩትን ብቻ ነው። በ2017 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣውና ዓለምን ያስደነቀው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሥራ 129,450 ፎቶግራፎች ተሰጥተውት የሠለጠነ ሲሆን፣ ከ21 የቆዳ ሐኪሞች ጋር ተወዳድሮ አላነሰም። ከዚያ በኋላ «ማሽን ሐኪምን በለጠ» የማይል ጋዜጣ አልነበረም። በ2018 ደግሞ አደወሌ አዳምሰን የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ሆነው በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር የቆዳ መጽሔት ላይ ቀላል ጥያቄ አቀረቡ፦ ማሽኖቹ የሚሠለጥኑት በነጭ ቆዳ ፎቶግራፍ ከሆነ፣ በጥቁር ቆዳ ፊት ሲቀርቡ ምን ይሆናሉ? ጋዜጦቹ ይህን ጥያቄ የመጀመሪያውን ዜና ባስተጋቡበት ድምፅ አላስተጋቡትም።

የጥያቄውን ክብደት የሚያሳይ ቆጠራ በ2022 ላንሴት ዲጂታል ሄልዝ በተባለው መጽሔት ወጣ። ተመራማሪዎቹ ማንኛውም ሰው ሊጠቀምባቸው የሚችሉ 21 የቆዳ ካንሰር ፎቶግራፍ ክምችቶችን አገላበጡ፤ በድምሩ 106,950 ሥዕሎች። ከእነዚህ ውስጥ የሰውየው የቆዳ ዓይነት ተመዝግቦ የተገኘው በ2,436ቱ ላይ ብቻ ነበር። ከእነዚያም ውስጥ ቡናማ ቆዳ ያላቸው ሰዎች ሥዕሎች 10 ነበሩ። በጣም ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ጥቁር ቆዳ ተብሎ የተመዘገበው ሥዕል ስንት ይመስላችኋል?

አንድ።

አንድ ሥዕል! ማንም እንዳይሳሳት ቁጥሩን ልድገመው፤ ቆዳቸው ከተመዘገበላቸው ሁለት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ ስድስት ሥዕሎች መካከል አንዱ ነው። ስለ ቀሩት መቶ ሺህ ሥዕሎች ደግሞ የሰውየውን ቆዳ የጻፈ እንኳ የለም። የቆዳን በሽታ ለመለየት በተሰበሰበ መዝገብ ውስጥ የቆዳው መልክ አለመጻፉ ለምን ይሆን? መልሱን ለመገመት አይከብድም፤ መዝጋቢው ሁሉም ቆዳ እንደራሱ ቆዳ ነው ብሎ ስላሰበ፣ መጻፉ ትርፍ ሥራ መስሎታል።

በ2024 ደግሞ ከእነዚሁ የመላ ሰውነት መቅረጫ መሣሪያዎች የተቀነጫጨቡ ከ400,000 በላይ የነጥብ ሥዕሎች ለዓለም ተመራማሪዎች ውድድር ቀረቡ። የመጡት ከሰሜን አሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከአውስትራሊያ ክሊኒኮች ነው፤ ከአፍሪካ የመጣ የለም። የውስጥ እግር ሥዕልስ ከወዴት ይመጣል? ካሜራው ያላየውን ማን ይሰጣል?

ማሽን ያሳዩትን ብቻ ያውቃል ስል የምናገረው በምሳሌ አይደለም። የሃይድልበርግ ተመራማሪዎች በ2019 እንዳሳዩት፣ ሐኪሞች ሊቆርጡት ያሰቡትን ነጥብ በቀለም እስክሪብቶ የመክበብ ልማድ ስላላቸው፣ ምንም ጉዳት የሌለው ነጥብ አጠገብ የእስክሪብቶው ቀለም ካለ ማሽኑ «ሜላኖማ» የማለት ዝንባሌው ከፍ ይል ነበር። ማሽኑ የተማረው ከበሽታው ይልቅ የሐኪሙን ጥርጣሬ ነበር ማለት ነው። ማሽን ሲሳሳት «አላውቅም» አይልም፤ በመቶኛ የተቀመጠ ቁጥር ይሰጥሃል። ቁጥርን ደግሞ የተማረ ሰው ያምናል፤ ከማይማኑ ይልቅ የተማረው በቁጥር ቶሎ ይታለላል።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ በቅንፍ ላስገባ። በዓለም ላይ የሰውን ቆዳ ለመለየት የሚያገለግለው የፊትዝፓትሪክ መለኪያ በ1975 ሲወጣ የታሰበው ለነጭ ቆዳ ነበር፤ ሰውየው በብርሃን ሲታከም ምን ያህል እንደሚቃጠል ለመገመት። ቡናማውና ጥቁሩ በኋላ አምስተኛና ስድስተኛ ተብለው ተጨመሩ። ነጩ በአራት ደረጃ ተከፋፍሎ ሲለይ፣ ከጎንደር ገበሬ እስከ ጋምቤላ አሣ አጥማጅ፣ ከሶማሌ አርብቶ አደር እስከ ደቡብ ሕንድ ዓሣ ሻጭ ያለው የሰው ልጅ በሁለት ተጠቅልሎ ቀረ። ኢትዮጵያዊ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ጥቁር፣ ቀይ እያለ ስንት ዓይነት መልክ ይለያል! ሳይንሱ ገና እናቶቻችን ሙሽራ ሲያሞግሱ ከሚያውቁት አልደረሰም።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ። የመጀመሪያዎቹ «ሜላኖማ የነጭ በሽታ ነው፤ ወባና ቲቢ ባለበት አገር ይህን ምን አመጣው?» የሚሉ ናቸው። ግማሽ እውነት ይዘዋል። በአሜሪካ በተሰላው መሠረት አንድ ነጭ በዕድሜው ውስጥ ሜላኖማ የሚይዘው ከ33 ሰው አንዱ ሲሆን፣ ጥቁሩ ግን ከ1,000 አንዱ ነው። ነገር ግን ከተያዙት መካከል ለአምስት ዓመት የሚቆየው በነጮቹ ዘንድ ከመቶ 94 ያህሉ ሲሆን፣ በጥቁሮቹ ዘንድ 70 ያህሉ ነው። በሽታው ብዙም አይመጣብንም፤ ሲመጣ ግን ዘግይቶ ይገኛል፤ የሚገድለውም መዘግየቱ ነው። መዘግየቱም የሚመጣው በከፊል ከዚሁ «የነጭ በሽታ ነው» ከሚለው ቃል ነው። በሽተኛው ይህን ስለሚያምን ጫማውን አያወልቅም፤ ሐኪሙም ስለሚያምን አውልቅ አይለውም። እንቅፋት ነው፣ ጫማው ልጦኝ ነው፣ ኪንታሮት ነው፣ ችፌ ነው እየተባለ ዓመት ያልፋል። (ለአንባቢ ያህል፦ በጥቁር ሰው ጥፍር ላይ የሚታይ ጥቁር መስመር አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌለው ነው፤ አንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ ወይም ቀለሙ ከጥፍሩ ወደ ቆዳው የተሻገረ ከሆነ ግን ለሐኪም ይታይ። ሳይድን የሚቆይ የውስጥ እግር ቁስልም እንዲሁ።)

ሁለተኛዎቹ ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ የሚያስቸግሩኝ ናቸው፤ ምክንያቱም የተማሩና ቅን ናቸው። «ቴክኖሎጂ በጊዜው ራሱን ያርማል፤ አንተ ዝም ብለህ ተቀበል» ይላሉ። በራሱ የሚታረም ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። በ2022 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 570 ከሚሆኑ በሽተኞች የተነሡ፣ ምርመራቸው በናሙና የተረጋገጠ 656 ፎቶግራፎችን ሰበሰቡ፤ የነጭም የጥቁርም ቆዳ በሚገባ እንዲወከል አድርገው። በስም የታወቁ ሦስት ቀመሮችን ፈተኗቸው። በጠቆረ ቆዳ ላይ ሲደርሱ ሁሉም አቅማቸው ወረደ። ከዚያም ቀመሩን በእነዚሁ ልዩ ልዩ ቆዳዎች ሥዕል መልሰው ሲያሠለጥኑት ልዩነቱ ጠበበ። እንግዲህ ጉድለቱ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ለመስተካከል 656 ሥዕሎች ያህል ትጋት የሚጠይቅ ነገር ነበር። አለማድረግ ምርጫ ነበር። ሐቀኛ ለመሆን ይህንም ልጨምር፦ በዚያው ሥራ ውስጥ ፎቶግራፎቹን ያዩ የሰው ሐኪሞችም በጠቆረ ቆዳ ላይ ደክመው ታይተዋል። ማሽኑ መምህሮቹን ነው የመሰለው።

«ሐኪሙና ማሽኑ አብረው ሲሠሩስ?» የሚል ይኖራል። በ2024 ኔቸር ሜዲሲን ላይ የወጣ ሰፊ ጥናት ይህንኑ ፈትኗል፤ 389 የቆዳ ሐኪሞችና 459 ጠቅላላ ሐኪሞች ከ39 አገሮች ተካፍለውበታል። የማሽኑ ርዳታ የሁሉንም ትክክለኛነት ከፍ አደረገ። ይሁንና በጠቅላላ ሐኪሞቹ ዘንድ በነጭና በጥቁር ቆዳ መካከል የነበረው ክፍተት፣ ርዳታው ከተሰጠ በኋላ ሰፋ እንጂ አልጠበበም። ሁሉም ተሻሻለ፤ ነጩ ግን የበለጠ ተሻሻለ። አገራችን የቆዳ ሐኪም እንደ ልብ የሚገኝባት አይደለችም፤ ነገ ይህ ማሽን የሚሰጠው በወረዳ ሆስፒታል ለተመደበው ጠቅላላ ሐኪም ነው። ክፍተቱ የሰፋው በእነማን እጅ እንደሆነ ልብ ይሏል።

ሦስተኛ የሚባል ተቃዋሚ የለኝም፤ ከራሴ ጋር ግን አንድ ክርክር አለኝ። ቀድሞ ማየት ሁልጊዜ ያድናል ወይ? ከላይ የጠቀስኋቸው ሐኪም አዳምሰን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ2021 እንደጻፉት፣ በአሜሪካ ሜላኖማ ተብሎ የሚመዘገበው ቁጥር በአርባ ዓመት ውስጥ ወደ ስድስት እጥፍ ሲያድግ የሞቱ ቁጥር ግን ለረጅም ጊዜ ባለበት ቆይቷል። ይህ ማለት ብዙ ሰው ምናልባት ሳይነካ ቢተው የማይገድለው ነጥብ ተቆርጦለት፣ «የካንሰር በሽተኛ» የሚል ስም ተሸክሞ ይኖራል ማለት ነው። በ2023 የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና አማካሪ ቡድንም ምልክት የሌለበትን ሰው ሁሉ ቆዳ በዓይን መመርመርን ለመምከርም ለመቃወምም በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። እንግዲህ እንዲህ ነው የዓለም ሥርዓት፦ በአንድ በኩል መታየት የማያስፈልገው ጀርባ በ92 ካሜራ ይታያል፤ በሌላ በኩል መታየት ያለበት ውስጥ እግር አንድም የሚያየው የለም። ሁለቱም ስሕተቶች ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። ካሜራው የሚተከለው ገንዘብ ባለበት ነው።

ታዲያ ማሽኑን እንጣለው ወይ? አልልም። «ብልህ ልጅ የሰጡትን እየበላ ያለቅሳል» ይላል ያገሬ ሰው። እኔን የሚያስቆጣኝ ሳናለቅስ የምንበላው ነገር ነው። በአገራችን በ2020 የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከል ተቋቁሞ በኋላ ኢንስቲትዩት ሆኗል፤ መልካም ነው። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ አንድ የውጭ ድርጅት ወይም አንድ በጎ አድራጊ የቆዳ ካንሰር የሚለይ ማሽን ይዞ ሲመጣ፣ ሪባን ሲቆረጥ፣ ካሜራ ብልጭ ሲል፣ ከባለሥልጣኑ ጎን የሚቆመው ባለሙያ አንድ ወረቀት ቢጠይቅ ምን አለበት? ይህ ማሽን በስንት ጥቁር ሰው ውስጥ እግር ላይ ተፈተነ? ስንቱን አገኘ? ስንቱን ሳተ? ይህ ድፍረት አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጃንዋሪ 2024 ለጠቅላላ ሐኪሞች የተሠራ አንድ የቆዳ ካንሰር መለያ መሣሪያ ሲፈቅድ፣ በጥናቱ ውስጥ ያነሱ ወገኖች በሚገባ የሚወከሉበት ተጨማሪ ምርመራ ከፈቃዱ በኋላ እንዲደረግ አዟል። እንዲያውም በ2015 የዚያው አገር የንግድ ኮሚሽን፣ ሜላኖማን በስልክ ካሜራ እንለያለን እያሉ የሸጡ ሰዎችን ማስረጃ የላችሁም ብሎ ከስሷቸዋል። አሜሪካኖቹ ሻጭን ሲጠይቁ ያልደፈሩትን እኛ ስንጠይቅ ውለታ ቢስ የምንባለው ለምንድን ነው?

ሌላም ነገር አለ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝም ይኸኛው ነው። የጥቁር ቆዳ ሥዕል እንደሚጎድል ሻጮቹ አሁን ዐውቀዋል። ስለዚህ ሊፈልጉት ይመጣሉ። የሚመጡት ደግሞ ሥዕሉ ወዳለበት ነው። በ1965 የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል፣ የሥጋ ደዌን ለማከም ተነሥቶ የአገራችን የቆዳ ሕክምና መናኸሪያ የሆነው፣ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስንት እግር አይቷል! ያ እውቀት ሀብት ነው። ሀብት መሆኑን ግን እኛ ከማወቃችን በፊት ሌላው ካወቀው፣ እንደ ሌላው ሀብታችን ሁሉ በጥሬው ወጥቶ ተፈብርኮ ይመለስልናል፤ ከድሀው እግር የተነሣው ፎቶግራፍ በዓመታዊ ክፍያ ለድሀው ሆስፒታል ይሸጣል። በቡና ላይ ያየነውን በቆዳ ላይ ልናየው ነው። በ2024 የጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ጋር መድቦታል። አዋጁ አለ። ከዳር አገር ቁስሉን ይዞ የመጣው ገበሬ የእግሩ ሥዕል ወዴት እንደሚሄድ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል ወይ? የሚለው ጥያቄ ግን በአዋጅ ብቻ አይመለስም። መንገሩ የሐኪሙ ድርሻ ነው፤ ለሐኪሙ ለመንገር የሚበቃ ጊዜ መስጠት ደግሞ የአሠሪው።

በውጭ አገር ያላችሁ የቆዳና የፓቶሎጂ ባለሙያዎችም አላችሁ፤ ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ከአገር ቤት ባልደረቦቻችሁ ጋር ሆናችሁ በናሙና የተረጋገጠ፣ ፈቃድ የተጠየቀበት፣ ባለቤትነቱ የአገር የሆነ መዝገብ መክፈት ትችላላችሁ። ስታንፎርዶች በ656 ሥዕል የሠሩትን አይታችኋል። ሚሊዮን አያስፈልግም። ቢሊዮን ብርም አያስፈልግም፤ ከኪስ የሚገባ መነጽርና ደኅና ካሜራ ያለው ስልክ፣ እንዲሁም በሽተኛውን «ጫማህን አውልቅ» የሚል ሐኪም ያስፈልጋል።

ከሦስት ወር በፊት እንዲህ ያለ ቀመር ለሚሸጥ አንድ ድርጅት ደብዳቤ ጽፌ ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ማሽናችሁ ከሠለጠነባቸው ሥዕሎች መካከል የጥቁር ሰው ውስጥ እግር ስንት ነው? መጀመሪያ የደረሰኝ መልስ ስለ ጥያቄዬ አመስግኖ የማስታወቂያ ወረቀታቸውን ያያያዘ ነበር። በወረቀቱ ሽፋን ላይ አንዲት ፈገግ ያለች ጠይም ወጣት አለች። ጥያቄውን ደግሜ ላክሁ። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም፤ ሲመጣ፣ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን፣ እንዳለ በዚሁ ገጽ ላይ አወጣዋለሁ።